ስለ ልጆች የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች

ስለ ልጆች የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ልጅን፣ ሕፃንን፣ ወላጅንና አስተዳደግን እየጠቀሱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተለመዱ አባባሎች ናቸው። ከፊሎቹ በእርግጥ ስለ ልጅ ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ግን ልጅን ለምሳሌ ብቻ አንሥተው ስለ አዋቂዎች ሥራና ጠባይ የሚናገሩ ናቸው። ብዙዎቹ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆዩ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጠሩ ናቸው። በመሆኑም አባባሎቹ በየዘመኑ ኅብረተሰቡ ልጅን እንዴት ያይ እንደነበረ ያሳያሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የፈሊጥና የምሳሌ ልዩነት

ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱን የቻለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ምክር ወይም ትዝብት ይሰጣል። «የተቃጠለ ልጅ እሳትን ይፈራል» የሚለው ለዚህ ምሳሌ ነው። ፈሊጥ ግን በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባ ሐረግ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከቃላቱ ድምር አይገኝም። «የልጅ ጨዋታ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ስለ ጨዋታ ሳይሆን በጣም ቀላል ስለሆነ ሥራ ይናገራል። ምሳሌያዊ አነጋገርን ቃል በቃል መተርጎም ብዙ ጊዜ ሐሳቡን አያጠፋውም፤ ፈሊጥን ግን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ፈጽሞ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል።

ምንጮች

የአባባሎቹ ዋና ዋና ምንጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን፣ በተለይ መጽሐፈ ምሳሌና መዝሙረ ዳዊት ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው ከላቲን፣ ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ የገቡ አባባሎች ናቸው። ሦስተኛው የአገሬው ሕዝብ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

ከጥንታዊዎቹ ስብስቦች ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ጆን ሄይውድ በ1546 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሄይውድ በዘመኑ ይነገሩ የነበሩትን አባባሎች ስለ ጋብቻ በሚደረግ ምልልስ ውስጥ አስገብቶ በግጥም ጻፋቸው። ከታች ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች በርካታዎቹ በዚያ መጽሐፍ ይገኛሉ።

ስለ ተግሣጽና ዝምታ

«ስፔር ዘ ሮድ ኤንድ ስፖይል ዘ ቻይልድ» ማለት «በትሩን ከተውክ ልጁን ታበላሻለህ» ማለት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 13 ቁጥር 24 ሲሆን፣ ጥቅሱ ልጁን የሚወድ አባት ከመቅጣት ወደ ኋላ እንደማይል ይናገራል። ብዙዎች አባባሉ ራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይጠቅሱታል፤ ይሁንና ዛሬ በሚነገርበት መልኩ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አይገኝም። ይህን መልኩን ያስፋፋው የእንግሊዙ ገጣሚ ሳሙኤል በትለር በ1660ዎቹ በጻፈው «ሁዲብራስ» የተባለ የፌዝ ግጥም ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ «ልጅ» የተባለው ፍቅር ነው፤ ነገሩም ስለ ልጅ አስተዳደግ የተሰጠ ምክር ሳይሆን በሴትና በወንድ መካከል የተነገረ ቀልድ ነው። ከቀልድ የወጣው አባባል ግን ለብዙ ዘመን በቤትና በትምህርት ቤት ለግርፋት ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል።

ዛሬ በብሪታንያ ሕጉ ከአባባሉ ርቋል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካላዊ ቅጣት የተከለከለው በ1986 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ክልከላው በ1987 በሥራ ላይ ዋለ። በግል ትምህርት ቤቶችም በእንግሊዝና በዌልስ በ1999፣ በስኮትላንድ በ2000፣ በሰሜን አየርላንድ በ2003 ቀረ። በቤት ውስጥ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይመቱ ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ከልክለዋል። በዚህ ረገድ ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው በ1979 ሕግ ያወጣችው ስዊድን ናት።

«ቺልድረን ሹድ ቢ ሲን ኤንድ ኖት ኸርድ» ማለት «ልጆች ሊታዩ እንጂ ሊሰሙ አይገባም» ማለት ነው። ልጅ አዋቂዎች ባሉበት ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት ለማለት ይነገራል። አባባሉ መጀመሪያ የተነገረው ለልጆች ሳይሆን ለወጣት ሴቶች ነበር። ጆን ሚርክ የተባለ እንግሊዛዊ የሃይማኖት ሰው በ1400 ገደማ በስብከት መጽሐፉ ሲጠቅሰው «የቆየ የእንግሊዝ አባባል» ብሎ ስለ ልጃገረድ ተናግሮታል። ወደ ልጆች ዞሮ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ አባባሉ በአብዛኛው የሚጠቀሰው የቀድሞውን ጥብቅ አስተዳደግ ለመንቀፍ ወይም ለመቀለድ ነው።

ስለ ዘርና መመሳሰል

ልጅ ወላጁን ይመስላል የሚሉ የእንግሊዝኛ አባባሎች ብዙ ናቸው። የታወቁት የሚከተሉት ናቸው፦

• «ፖም ከዛፉ ርቆ አይወድቅም»። ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የተለመደው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ብዙ ጊዜ የወላጁን ጉድለት የወረሰ ልጅን ለመንቀፍ ይነገራል።

• «ከአሮጌው ግንድ የተፈለጠ ፍላጭ»። አባቱን በጠባይ ወይም በችሎታ የሚመስል ልጅ በዚህ ይጠራል። ዊልያም ፒት ታናሹ በ1781 በእንግሊዝ ፓርላማ የመጀመሪያ ንግግሩን ሲያደርግ፣ ኤድመንድ በርክ ይህን ፈሊጥ አንሥቶ ወጣቱ ፍላጭ ብቻ ሳይሆን ግንዱ ራሱ ነው በማለት እንዳደነቀው ይነገራል። የዊልያም ፒት አባት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሲሆን፣ ልጁም በ1783 በ24 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።

• «የብር ማንኪያ በአፉ ይዞ የተወለደ»። ከሀብታም ቤተሰብ ለተወለደና ያለ ድካም ሁሉ ለተሟላለት ሰው ይነገራል። በእንግሊዝ አገር የክርስትና አባትና እናት ለተጠመቀው ሕፃን የብር ማንኪያ የመስጠት ልማድ ነበራቸው፤ የማንኪያዎቹ እጀታ ብዙ ጊዜ የአንድ ሐዋርያ ምስል ይቀረጽበት ነበር። አባባሉም ሀብታሙ ልጅ ስጦታውን ሳይጠብቅ ማንኪያውን ይዞ መጣ የሚል ፌዝ አለበት።

ስለ ልጅ አንደበትና ተሞክሮ

«አ በርንት ቻይልድ ድሬድስ ዘ ፋየር» ማለት «የተቃጠለ ልጅ እሳትን ይፈራል» ማለት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ከዚያ በኋላ ይጠነቀቃል ለማለት ይነገራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በተጻፈው «የሄንዲንግ ምሳሌዎች» በተባለው ስብስብ ይገኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ከሚገኙት የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው።

«ትናንሽ እንስራዎች ትልልቅ ጆሮ አላቸው» የሚለው በሄይውድ መጽሐፍ ተመዝግቧል። በእንግሊዝኛ የእንስራ እጀታ «ጆሮ» ይባላል፤ ትንሽ እንስራ ላይ እጀታው ጎልቶ ስለሚታይ ልጅ በእሱ ተመሰለ። ትርጉሙ «ልጅ ይሰማልና ንግግራችሁን ጠብቁ» ነው። አዋቂዎች ልጁ በተቀመጠበት ነገሩን ለማቆም ሲፈልጉ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይናገራሉ።

«ልጆችና ሞኞች አይዋሹም» የሚለውም በሄይውድ ዘንድ አለ። ልጅ ማስመሰልን ስላልተማረ ያየውን ይናገራል ማለት ነው። ለዚህ የሚቀርበው «ከሕፃናት አፍ» የሚለው ፈሊጥ ደግሞ ከመዝሙረ ዳዊት 8 የተወሰደ ሲሆን፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21ም ተጠቅሷል። በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ምስጋና የተነገረ ቢሆንም፣ ዛሬ ልጅ ሳያስበው ጥልቅ እውነት ሲናገር ይጠቀሳል። «ልጆች አይሰሙ» የሚለውና እነዚህ አባባሎች በአንድ ቋንቋ ውስጥ ጎን ለጎን መኖራቸው ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ ሁኔታው የሚመረጥ እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሕፃን የሚጠቀስባቸው ፈሊጦች

• «ሕፃኑን ከመታጠቢያው ውኃ ጋር አትድፋ»። መጥፎውን ስታስወግድ ጥሩውንም አብረህ አትጣል ማለት ነው። አባባሉ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በቶማስ ሙርነር የፌዝ መጽሐፍ በ1512 ከእንጨት ቅርጽ ሥዕል ጋር ታትሟል። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጸሐፊው ቶማስ ካርላይል በኩል ነው። በ1999 በኢሜይል የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ፣ ድሮ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ውኃ በየተራ ሲታጠብ ውኃው ከመጥቆሩ የተነሣ ሕፃኑ አይታይም ነበር ይላል። ይህ ለቀልድ የተፈጠረ ታሪክ እንጂ የአባባሉ እውነተኛ ምንጭ አይደለም።

• «የልጅ ጨዋታ»። በጣም ቀላል ሥራ ማለት ነው። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ በአሉታ ተጠቅሞበታል፤ እሱ የተናገረውም ስለ ጋብቻ ነበር።

• «በጫካ ያሉ ሕፃናት»። የዋህና ልምድ የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው። በ1595 በኖሪች ከተማ ከታተመ፣ በጫካ ተጥለው ስለሞቱ ወላጅ አልባ ሁለት ልጆች ከሚተርክ የሕዝብ ዘፈን የመጣ ነው።

• «ከጆሮው ኋላ ያልደረቀ»። ገና ልምድ የሌለው ማለት ነው። አዲስ የተወለደ እንስሳ ሰውነቱ ሲደርቅ ከጆሮው ኋላ ያለው ስፍራ መጨረሻ ይደርቃል ከሚል እሳቤ የመጣ ነው።

• «መጫወቻዎቹን ከጋሪው ወረወረ»። በብሪታንያ የሚነገር ሲሆን፣ ያልፈለገው ነገር ሲሆን እንደ ሕፃን ለሚያኮርፍ አዋቂ ይነገራል። ጋሪ የተባለው የሕፃን መግፊያ ጋሪ ነው።

«ኪድ» የሚለው ቃል

በእንግሊዝኛ ልጅ በተለመደው አነጋገር «ኪድ» ይባላል። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ግን «የፍየል ግልገል» ነው። ከጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመንገድ ቋንቋ ለሰው ልጅ ተነገረ።

ይህን ያላወቀ ተማሪ በሁለት ቦታ ሊሳሳት ይችላል። «በኪድ ጓንት ያዘው» የሚለው ፈሊጥ አንድን ሰው ወይም ጉዳይ በጥንቃቄና በለስላሳነት መያዝ ማለት ነው፤ ጓንቱ ከግልገል ቆዳ የተሠራ ለስላሳ ጓንት እንጂ የልጅ ጓንት አይደለም። በተቃራኒው «ኪድናፕ» የሚለው ቃል በእርግጥ ከልጅ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ማንኛውንም ሰው አፍኖ መውሰድን የሚያመለክት ቢሆንም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲፈጠር ልጆችን እየሰረቁ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ለአገልጋይነትና ለጉልበት ሥራ መላክን ያመለክት ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተለመዱ አባባሎች

«የቁልፍ ልጅ» የሚባለው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወላጅ ቤት ስለሌለ በያዘው ቁልፍ ራሱ ከፍቶ የሚገባ ልጅ ነው። ስያሜው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ አባቶች ሲዘምቱና እናቶች በፋብሪካ ሲቀጠሩ ተስፋፋ።

«ፖስተር ቻይልድ» ማለት መጀመሪያ በእርዳታ ማሰባሰቢያ ፖስተር ላይ ሥዕሉ የሚወጣ የታመመ ልጅ ነበር። በአሜሪካ ፖሊዮን ለመዋጋት በተደረጉ ዘመቻዎች የታወቀ ሲሆን፣ በኋላ ለአንድ ነገር ዋና ማሳያ የሆነ ሰው ወይም ድርጅት ሁሉ በዚህ ተጠራ። የአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪዎች የዚህ ዓይነቱን ፖስተር ልጁን የሐዘኔታ ዕቃ ያደርጋል በማለት ነቅፈውታል።

«ኢት ቴክስ አ ቪሌጅ ቱ ሬይዝ አ ቻይልድ» ማለት «አንድን ልጅ ለማሳደግ መንደሩ ሁሉ ያስፈልጋል» ማለት ነው። ሂላሪ ክሊንተን በ1996 ከዚህ አባባል ርዕሱን የወሰደ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ እጅግ ታወቀ። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ቦብ ዶል ልጅን የሚያሳድገው ቤተሰብ እንጂ መንደር አይደለም በማለት በፓርቲያቸው ጉባኤ መልስ ሰጥተውበታል። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ «የአፍሪካ ምሳሌ» ተብሎ ይጠቀሳል። አፍሪካ ግን የብዙ ቋንቋዎች አህጉር ስለሆነች ይህ አጠራር ምንጩን አይገልጽም፤ ልጅ የሁሉም ነው የሚል ሐሳብ ያላቸው አባባሎች ግን በተለያዩ የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉ።

ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ

አንዳንዶቹ አባባሎች በአማርኛ አቻ አላቸው፤ አቻው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ምስል ይነገራል። «የተቃጠለ ልጅ እሳትን ይፈራል» ለሚለው አማርኛው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለው። እንግሊዝኛው ስለ ልጅ ሲናገር አማርኛው ልጅ አያነሣም። እንግሊዝኛው «አያትህን እንቁላል መምጠጥ አታስተምር» ሲል ደግሞ አማርኛው «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል፤ ሁለቱም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅን ሰው ለማስተማር የሚነሣውን ይነቅፋሉ። ልጅ ወላጁን ይመስላል ለሚሉት «ዘር ከልጓም ይስባል» ይቀርባል።

መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የሚለያይም አሉ። «የልጅ ጨዋታ» በእንግሊዝኛ የሥራውን ቀላልነት ይገልጻል፤ በአማርኛ «የልጅ ሥራ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ያልበሰለ ወይም ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ማለት ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው የአማርኛ ምሳሌም በዚሁ መንፈስ የተነገረ ነው። አንድን የእንግሊዝኛ መልእክት «ይህ ለእሱ የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የተናጋሪውን ምስጋና ወደ ስድብ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ አባባሉ በማን፣ ለማንና በምን ስሜት እንደተነገረ ማወቅ ይኖርበታል።