የሁለት ኮምፔንሳቶ ጀልባ

አናጢ ነኝ። አዲስ አበባ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን ስሠራ ኖሬ አሁን ፍሎሪዳ ውስጥ ከአንድ የጀልባ ጥገና ቤት ገብቻለሁ። ከሚመጡልን ጀልባዎች ሁሉ የማከብረው ትንሿን የልጆች የሸራ ጀልባ፣ ኦፕቲሚስትን ነው። ርዝመቷ 2.30 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 35 ኪሎ ነው፤ አፍንጫዋ ሹል ሳይሆን በመጋዝ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አይቶ የሚስቅባት ብዙ ነው። አናጢ ግን አይስቅም፤ አፍንጫዋን የቆረጠው የኮምፔንሳቶ ልክ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ መርካቶም ሂድ ፍሎሪዳ ያው ነው። የጀልባዋ ታሪክ በሙሉ ከዚያ ልክ ውስጥ ወጥቷል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 እዚሁ ፍሎሪዳ፣ ክሊርዋተር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ልጆች ሞተር የሌለው የእንጨት መኪና ሠርተው ቁልቁለት ላይ ይወዳደሩ ነበር፤ የእኛ ሰፈር ልጆች በኩሽኔታ ሲንደረደሩ ያየ ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል። ሻለቃ ክሊፎርድ ማኬይ የተባለ የከተማው ሰው ኦፕቲሚስት ለሚባለው የበጎ አድራጎት ክበብ አባላት አንድ ሐሳብ አቀረበ። መኪናው ከውድድሩ ቀን በኋላ ብዙም አያገለግልም፤ ባሕሩ ግን ደጃችን ነው፤ ለምን የሸራ ጀልባ አንሠራላቸውም? ወጪውን ነጋዴዎች ይሸፍኑ፤ የአንዷ ዋጋም ከ50 ዶላር አይለፍ አለ።

ሥራው ለክላርክ ሚልስ ተሰጠ። ሚልስ የከተማው ጀልባ ሠሪ ነበር። ዋጋው ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ጀልባዋ ከሁለት ኮምፔንሳቶ መውጣት ነበረባት፤ ሹል አፍንጫ ደግሞ ርዝመት ይበላል። ስለዚህ አፍንጫውን ቆረጠና ጀልባዋን ከ8 ጫማ በታች አስቀራት። የመጀመሪያዋን በውሃ ላይ የሞከራት የማኬይ ልጅ ነበር። ሚልስ ንድፉን ለክበቡ በነፃ ሰጠ፤ ጀልባዋም በክበቡ ስም ተጠራች። እኔ ብሆን እሰጥ ነበር ወይ? እንጃ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ የነጭና የጥቁር የባሕር ዳርቻ የተለያየ ነበር። ዋጋው ለሁሉም እንዲቀንስ ሲታሰብ «ሁሉም» ውስጥ የእኔ ልጅ መልክ ያለው ልጅ አልነበረም። ዛሬ ልጄ በዚያችው ጀልባ ሲሄድ ሳይ ይህን አልረሳም፤ ለሚልስ እጅ ያለኝ አክብሮት ግን አይቀንስም።

የሚልስ ችሎታ ይበልጥ የሚታየው ከሸራው ላይ ነው። ረጅም ምሰሶ እንጨትና ገንዘብ ይፈልጋል፤ እንዳይወድቅም በሽቦ ይወጠራል። እሱ የመረጠው የድሮ ዓሣ አጥማጆች የሚያውቁትን አሠራር ነው፤ አጭር ምሰሶ፣ አራት ማዕዘን ሸራ፣ የሸራውን የላይኛ ጫፍ በሰያፍ ሽቅብ የሚገፋ ስፕሪት የሚባል ቀጭን ዘንግ። ምሰሶው 2.35 ሜትር ብቻ ስለሆነ ልጅ ተሸክሞ ይተክለዋል፤ ከመቀመጫው ቀዳዳ አልፎ ወለሉ ላይ ይቆማል፤ ሽቦ የለው፣ ምን የለው። ሸራው ዝቅ ብሎ ስለሚሰፋም ነፋሱ ቀላሉን ልጅ ቶሎ አይገለብጠውም።

ከሸራው ግርጌ አግድም የሚዘረጋው ዘንግ ቡም ይባላል። የኦፕቲሚስት ቡም ከምሰሶው ጋር በብሎን አይገናኝም፤ ጫፉ ሹካ ነው፣ ምሰሶውን አቅፎ ይይዛል። ሸራው ከምሰሶውም ከቡሙም ጋር በአጫጭር ሲባጎ አንድ በአንድ ይታሰራል። ሲባጎው ላልቶ በሸራውና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ከተወ ነፋሱ በዚያ ሾልኮ ይባክናል።

ከቡሙ መሐል ደግሞ ሜይንሺት፣ ማለትም መሳቢያው ገመድ፣ ወደ ጀልባው ወለል ይወርዳል። ለምን ከጫፉ አይሆንም? ጫፉ ላይ ቢሆን በግማሽ ኃይል ይያዝ ነበር፤ ማንኛውም በር የገፋ ሰው ይህን ያውቃል። መሐሉ የተመረጠው ልጁ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ገመዱን ከፊቱ እንዲይዝ ነው። የጠፋውን ኃይል ፑሊዎቹ ይመልሱለታል፤ ገመዱ በፑሊዎቹ ሲመላለስ ሸክሙ ይከፋፈላል።

ብዙ ወላጅ የማይገባው የትንሿ ገመድ ሥራ ነው፤ ከቡሙ ፊት ተነሥታ ከምሰሶው ግርጌ የምትታሰረዋ። ሸራው ወደ ውስጥ ሲሳብ መሳቢያው ቡሙን ወደ ታችም ይስበዋል። ገመዱ ተለቆ ቡሙ ወደ ጎን ሲወጣ ግን ወደ ታች የሚይዘው የለም፤ ቡሙ ይነሣል፣ የሸራው አናት ይጣመማል። ትንሿ ገመድ ይህን ትከለክላለች። ቅደም ተከተልም አላት። አስቀድማ ከጠበቀች ስፕሪቱ ወደ ላይ አይገፋም፤ መጀመሪያ ላላ ትደረጋለች፣ ስፕሪቱ ይወጠራል፣ ከዚያ እሷ ትጠብቃለች። ምሰሶውም ከጀልባው ጋር መታሠር አለበት። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሾልኮ ከወጣ የመቀመጫውን ቀዳዳ ይሰነጥቀዋል፤ የእኔም እንጀራ አንዱ ከዚያ ነው።

መሳቢያው ገመድ ከእጅ አይወጣም። ልጄ አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ እጄ ደከመኝ፤ ለምን አላስረውም?» አለኝ።

«ነፋስ ሳይነግርህ ይመጣል» አልኩት። «እጅህ ላይ ከሆነ ትለቀዋለህ፤ ከታሰረ ትገለበጣለህ።»

አኮረፈ፤ ግን አላሰረውም።

በሚልስ ጊዜ ሸራው ጥጥ ነበር። ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሲለጠጥ ቅርፁን ይስታል፣ እርጥብ ተጠቅልሎ ካደረ ይሻግታል። ፖሊስተርን እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን አገኙት፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሸራና ወደ ገመድ ገባ። ቀጥሎ አሉሚኒየም እንጨቱን ከምሰሶና ከቡም አስወጣው። ፋይበርግላስ ደግሞ ኮምፔንሳቶውን አባረረው፤ ይህ እንደ አናጢ ቅር ይለኛል። መሳቢያው ገመድም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በነፃ የሚዞር፣ ሲስቡት ጠቅ ጠቅ የሚል ፑሊ አገኘ፤ የልጅ እጅ ከበፊቱ ያነሰ ይደክማል። የስፕሪቱ ነገር ግን ሚልስ እንዳሰበው ቀረ።

ጀልባዋን ወደ አውሮፓ የወሰዳት አክሰል ዳምጋርድ የሚባል ዴንማርካዊ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1954 ነበር። በዚያ ጥቂት ተሻሽላ በጎረቤት አገሮች ተሠራጨች። ዓለም አቀፍ ማኅበሯ በ1965 ተቋቋመ፤ ማንም እንደፈለገ እንዳይሠራትም የጀልባዋ ልክ በደንብ ተጻፈ። ዛሬ ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ ልጆች እስከ 15 ዓመታቸው ይወዳደሩባታል። ከኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎችም ብዙዎቹ የተነሡት ከዚችው ደፍጣጣ አፍንጫ ነው።

ዋጋዋ ግን ከዳት። ለውድድር የምትሠራ አዲስ ኦፕቲሚስት ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። የገንዘብ ዋጋ መውደቁን ብናስብ እንኳ ማኬይ ካስቀመጠው ወሰን እጅግ ርቃለች። ሕጉ ልክን እንጂ ዋጋን አይቆጣጠርም፤ ሀብታም ወላጅ በአንዲት የተሻለች ፑሊ ልጁን የሚያስቀድም እየመሰለው ይገዛል። በእኔ ግምት ለመማር አሮጌዋ ትበቃለች፤ የተሰነጠቀ መቀመጫዋ ይጠገናል፣ የሳሳው ገመዷ ይቀየራል፣ ሸራዋ ይሰፋል።

ስለዚህ በባሕርና በሐይቅ ዳር ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን አስቀድማችሁ ዋና አስተምሯቸው። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ያለውን የልጆች የሸራ ጀልባ ክበብ በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለጀማሪ የሚያውሱት ጀልባ አላቸው፣ መግዛት አያስፈልጋችሁም። የነፍስ አድን ጃኬቱን ልክ ግን ራሳችሁ ቆማችሁ አረጋግጡ።