ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ሕመምና አመጋገብ

ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው አመጋገቡን ከሕመሙ ሁኔታ ጋር ማጣጣም ይኖርበታል። ሕመሙን በመፍራት በርካታ ምግቦችን እስከ መጨረሻው መተው ግን ራሱን የቻለ ጉዳት ያስከትላል።

ሕመሙ በዋናነት ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ በመባል በሁለት ይከፈላል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን ማንኛውንም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊያጠቃ የሚችል ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ሕመሙን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጽሑፍ ካቀረቡት አሜሪካዊው ሐኪም በሪል ክሮን ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚያጠቃው ትልቁን አንጀትና ፊንጢጣን ነው።

ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የሆድ ቁርጠትና የክብደት መቀነስ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች በአሜባና በአንጀት ቲቢ ሕመምተኞች ላይም ስለሚታዩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በሐኪም መመርመር ያስፈልጋል።

ሕመሙ ሲያገረሽ

በዚህ ወቅት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በብዛት ከመመገብ ይልቅ አነስተኛ ምግብ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መውሰድ ይመረጣል። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ ሙዝና ቅባት ያልበዛበት የዶሮ ሾርባ ለብዙዎች ይስማማሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ጥሬ አትክልት፣ ቆሎ፣ ቡናና አልኮል የሕመሙ መንስኤ ናቸው ባይባልም ስሜቱን ሊያባብሱ ይችላሉ። በተቅማጥ የሚወጣውን ፈሳሽ መተካትም ግድ ነው። አንጀቱ የጠበበበት ሕመምተኛ አሰር የበዛበትን ምግብ በሐኪም ምክር መቀነስ ይኖርበታል።

ሕመሙ ሲረግብ

የተተዉትን ምግቦች አንድ በአንድ በመሞከር ወደ ተሟላ አመጋገብ መመለስ ይገባል። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮና ምስር የሚስማሙት ሰው በስጋት ብቻ ሊተዋቸው አይገባም። የሚበላውንና የሚሰማውን በማስታወሻ መመዝገብ የማይስማማውን ለመለየት ይረዳል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጉዳዮች

ደም በመፍሰሱ የብረት እጥረት ሊከሰት ይችላል። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል በመሆኑ፣ ይህ ክፍል የተጎዳበት ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው በመርፌ ሊታዘዝለት ይችላል። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ ረጅም ጾም የሚጾም ሕመምተኛ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር ይበጃል። የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጥሬ ሥጋና ካልተፈላ ወተት መቆጠብ አለበት።

ለሁሉም ሕመምተኛ የሚስማማ አንድ ዓይነት ምግብ የለም። ተስማሚ አመጋገብ ሕክምናውን የሚያግዝ እንጂ የታዘዘን መድኃኒት የሚተካ አይደለም።