መርፌው ወረቀት የለውም፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ የጎንዮሽ ጉዳት ታሪክ



እዚህ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከሚኖሩም ሆነ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሂርናና ከሚኤሶ ከሚመጡ እህቶች ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች አሉ። «መርፌውን ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ ቀርቷል፤ ደሙ የት እየሄደ ነው?» «ክንዴ ላይ ተቀብሮልኝ እያለ እንዴት አረገዝኩ?» «መርፌውን ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ፤ ለምን አልጸነስኩም?» ከጥያቄው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ይመጣል፦ «ሲሰጡኝ ማንም አልነገረኝም።»

ስለዚህ ዛሬ ወደ ምክሩ ከመሄዴ በፊት ታሪኩን ልንገራችሁ። ስታነቡት አንድ ነገር ተደጋግሞ ታያላችሁ፤ ችግሩን መጀመሪያ የምታውቀው ሴቲቱ ናት፤ መጨረሻ ላይ የሚነገራትም እሷው ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የተናገሩት ሴቶቹ ነበሩ

በ1956 ፖርቶ ሪኮ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ተጀመረ። ሪዮ ፒዬድራስ በተባለ ሰፈር የሚኖሩ ድሃ እናቶች እርግዝናን የሚከላከል ኪኒን ነው ተብለው ወሰዱት። ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መሆኑ ግን በቅጡ አልተነገራቸውም። በውስጡ የነበረው ሆርሞን ዛሬ ከጤና ጣቢያ ከምትወስዱት እንክብል በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ሙከራውን በቦታው ሆነው የሚመሩት ሐኪም ዶ/ር ኤድሪስ ራይስ-ሬይ ነበሩ። ከተጠቃሚዎቹ 17 በመቶ የሚሆኑት ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና ማስመለስ እንዳጋጠማቸው መዘገቡ። እንክብሉ እርግዝናን በሚገባ ቢከላከልም የጎንዮሽ ጉዳቱ ስለበዛ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም ብለውም አስጠነቀቁ። ከእንክብሉ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ፒንከስ ግን አብዛኛውን ቅሬታ ከሴቶቹ ሐሳብና ስጋት የመነጨ አድርጎ አየው። በ1960 መድኃኒቱ «ኢኖቪድ» በሚል ስም ለወሊድ መቆጣጠሪያነት በአሜሪካ ተፈቀደ።

በዓመቱ፣ በ1961፣ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ስትወስድ ሳንባዋ ውስጥ ደም ስለረጋባት ነርስ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፈ። ተመሳሳይ ዘገባዎች እየተከታተሉ መጡ። ዛሬ ኤስትሮጅን ያለባቸው እንክብሎች የደም መርጋት ዕድልን በመጠኑ እንደሚጨምሩ በደንብ ይታወቃል፤ የሆርሞኑ መጠን እየተቀነሰ የመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በጥር 1970 ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ እንክብሉ ደኅንነት ምርመራ ከፈቱ። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ተራ በተራ መሰከሩ። እንክብሉን ከሚውጡት ሴቶች ግን አንዲትም ለምስክርነት አልተጠራችም። አሊስ ዎልፍሰንና ጓደኞቿ ከአድማጮች መካከል ተነስተው «የምንወስደው እኛ ሆነን ለምን አትጠይቁንም?» በሚል መንፈስ ስብሰባውን አቋረጡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በእንክብሉ ፓኬት ውስጥ ለተጠቃሚዋ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዲገባ ወሰነ። ከካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የምናገኘውና ብዙ ጊዜ ሳናነብ የምንጥለው ወረቀት እንዲህ ያለ ክርክር ያለፈበት ነው።

ወረቀቱ እኛ ጋ ሲደርስ

በሀገራችን የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። ለረጅም ጊዜ አገልግሎቱ ከከተማ ብዙም አልራቀም ነበር። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በ2009 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ የሚቀበረውን ኢምፕላኖን በቀበሌ ደረጃ መስጠት ጀመሩ። ለውጡ ትልቅ ነው። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከመቶ ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት 8 ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 36 ደረሰ። ይህ የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን አይሽረውም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ከእነዚያ 36 ሴቶች 23ቱ የሚጠቀሙት መርፌ ነው። መርፌ ደግሞ ቤት የሚወሰድ ፓኬት የለውም። ባለሙያዋ ብልቃጡን ከፍታ ትወጋለች፤ ብልቃጡም ወረቀቱም እዚያው ይቀራሉ። እናት ይዛ የምትሄደው የቀጠሮ ካርድ ነው። ወረቀቱ ቢሰጣትስ? የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምዕራብ ሐረርጌ እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። በአሜሪካ በወረቀት የተገኘው መብት እዚህ የሚፈጸመው በባለሙያው አንደበት ብቻ ነው። ባለሙያው ዝም ካለ ወረቀቱም የለም።

ታዲያ ያ ወረቀት ምን ይላል? ስለ ሦስት ወሩ መርፌ (ዲፖ) ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያለ ቀኑ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። እየቆየ ሲሄድ በብዙ ሴቶች ላይ የወር አበባ ጭራሽ ይቀራል። ደሙ ማህፀን ውስጥ እየተጠራቀመ አይደለም። መርፌው የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚፈስ ነገር አይኖርም። ለሙስሊም እህቶች ያለ ቀኑ የሚመጣ ደም ሶላትንና ጾምን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ «ትንሽ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አስቀድሞ መነገር አለበት።

መርፌው ከቆመ በኋላ ለመጽነስ ጊዜ ይወስዳል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 9 ወይም 10 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መካንነት አይደለም፤ መዘግየት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት «መሃን አደረጉኝ» ብላ ብታምን፣ ጎረቤቷም ሰምታ መርፌውን ብትፈራ ምን ይገርማል?

ክብደት ሊጨምር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንት ጥግግትን እንደሚቀንስ በ2004 በአሜሪካ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ መርፌው ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። በ2024 ደግሞ በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት መርፌውን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በተጠቀሙ ሴቶች ላይ ማኒንጂዮማ የተባለ የአንጎል ሽፋን ዕጢ ለቀዶ ሕክምና የመድረስ ዕድሉ 5.6 እጥፍ ሆኖ መገኘቱን አሳየ። ዕጢው ብርቅ፣ በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ ነው። ስለዚህ ዜናውን ሰምታችሁ መርፌውን በድንጋጤ አታቋርጡ፤ ግን የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ለሐኪም «ዲፖ እወጋለሁ» በሉ።

በ2016ቱ ጥናት ዘዴያቸውን በጀመሩ በ12 ወር ውስጥ ያቋረጡት ከሦስት አንድ ያህል ነበሩ፤ የጎንዮሽ ጉዳትና የጤና ስጋትም ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ነው። አስቀድማ የሰማች ሴት ግን ሲያጋጥማት አትደነግጥም፤ ካልተስማማትም ወደ ሌላ ዘዴ ትዛወራለች።

በማይገባት ቋንቋ

ይህ መርፌ በኢትዮጵያውያን ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ምዕራፍም አለው። በታኅሣሥ 2012 የእስራኤል ትምህርታዊ ቴሌቪዥን ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶችን አነጋገረ። አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመጠበቂያ ካምፕ ሳሉ ዲፖ እንዲወስዱ ግፊት እንደተደረገባቸው፣ ክትባት ነው የተባሉም እንዳሉ ተናገሩ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለሕክምና ተቋማት መመሪያ ላኩ፤ ሴቲቱ የመድኃኒቱን ውጤት መረዳቷ አጠራጣሪ ከሆነ ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ የሚል። በ2016 የሀገሪቱ ኦዲተር ሴቶቹ ያለ ፈቃዳቸው መወጋታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ብዙዎቹ ሴቶች ግን ቃላቸውን አልለወጡም።

ክርክሩን እኔ አልፈርድም። ሁለቱም ወገን የማይክዱት ነገር ግን አለ፤ «እሺ» ማለት ትርጉም የሚኖረው ምን እንደሆነ ሲገባን ነው። ለዚህ ደግሞ እስራኤል ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት ጭሮ ከተማ ውስጥም በማይገባት ቋንቋ «እሺ» ልትል ትችላለች።

ሁለት ክፍል፣ ሁለት ካርድ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፦ «ክንዴ ላይ ተቀብሮልኝ እያለ እንዴት አረገዝኩ?»

በ1971 ሁለት የጀርመን ሐኪሞች አንድ ያልተጠበቀ ነገር ጻፉ። ሪፋምፒሲን የተባለውን አዲስ የቲቢ መድኃኒት የጀመሩና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው ይዛባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እንክብሉን በአግባቡ እየወሰዱ ያረገዙ መኖራቸው ታወቀ። ምክንያቱ ጉበት ነው። ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነቃቃል፤ የነቃው ጉበት ሆርሞኑን ሥራውን ሳይጨርስ ሰባብሮ ያስወግደዋል። እንክብሉም ሴቲቱም አላጠፉም፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ተገናኝተው ነው።

ታሪኩ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ተደገመ። በሀገራችን ለዓመታት በስፋት የተሰጠው ኢፋቪረንዝም ጉበትን እንዲሁ ያነቃቃል። በ2015 በምዕራብ ኬንያ የ24,560 ሴቶችን መረጃ የመረመረ ጥናት በክንድ የሚቀበረውን ከኢፋቪረንዝ ጋር የተጠቀሙ ሴቶች፣ ኔቪራፒን ከሚወስዱት ይልቅ በሦስት እጥፍ ያህል እንደሚያረግዙ አገኘ። ያም ሆኖ የክንዱ ዘዴ ከመርፌውና ከእንክብሉ የባሰ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ሮጣ እንዳታስወጣው። አሁን ብዙዎች የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያን አያዳክምም።

ችግሩ ያለው በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። በብዙ ጤና ተቋማት የቲቢ ክፍሉ ሌላ፣ የኤች አይ ቪ ክፍሉ ሌላ፣ የቤተሰብ ምጣኔው ሌላ ነው፤ ካርዱም እንዲሁ። ብዙ ሴቶች ደግሞ አንዱን ሕክምና ከአንዱ ይደብቃሉ፤ መርፌውን ባል እንዳያውቅ፣ የኤች አይ ቪውን መድኃኒት ጎረቤት እንዳያይ። ሁለቱን መድኃኒቶች የምታውቀው አካሏ ውስጥ የሚገናኙባት ሴት ብቻ ናት።

ከታሪኩ ለእኛ የሚቀረው

1. ሪፋምፒሲን፣ ኢፋቪረንዝ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት (ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን) የምትወስዱ እህቶች፣ እንክብልና የክንድ ዘዴ ሊዳከምባችሁ ይችላል። የሦስት ወር መርፌና ሉፕ በእነዚህ አይዳከሙም። ምንም ሳታቋርጡ ኮንዶም ጨምሩና ባለሙያ አማክሩ። ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም ለ4 ሳምንት ያህል ጥንቃቄው ይቀጥል።

2. ፖስት ፒልም በእነዚሁ መድኃኒቶች ይዳከማል። ከፋርማሲ ስትገዙ ሌላ የምትወስዱትን መድኃኒት ተናገሩ።

3. አሞክሳሲሊን እና ሌሎች የተለመዱ አንቲባዮቲኮች የወሊድ መቆጣጠሪያን አያከሽፉም። ተቅማጥና ማስመለስ ካለ ግን እንክብሉ ላይሠራ ይችላል።

4. እንክብል እየወሰዳችሁ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር ከመጣ ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

5. ከመወጋታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደሜ ምን ይሆናል? ሳቆም መቼ እጸንሳለሁ? ከምወስደው መድኃኒት ጋር ይስማማል? ጥያቄውንም መልሱንም በሚገባችሁ ቋንቋ።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል። ታሊዶማይድ የተባለው የእርግዝና ማቅለሽለሽ መድኃኒት ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አካል ጉዳተኛ ካደረገ በኋላ፣ እንግሊዝ በ1964 ቢጫ የሪፖርት ካርድ ጀመረች። የእኛም ሀገር ቅጽ ቢጫ ነው፤ ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ውስጥ አባል ናት። የክንድ ዘዴ እያላት ያረገዘች ሴት ስትመጣ ቅጹን እንሙላ፤ አለበለዚያ ነገሩ በእሷ ዝንጉነት ተቆጥሮ ይቀራል። ታካሚዎችም በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ደውላችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መድኃኒቱን ለደበቀም እንዲሁ ነው። ለሚያክማችሁ ሰው የምትውጡትንም የምትወጉትንም ሁሉ ተናገሩ።

ይህን ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ አማርኛ ለማይሰሙት በአፋን ኦሮሞ አስረዷቸው። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።