የምጽዋ ወደብ በጠረጴዛ ላይ



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ሥራ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በጦርነት ዘመን የነበረን አንድ የወደብ ዳርቻ፣ መርከቡን፣ ግንቡን፣ ዕቃ ማንሻውንና ሠራተኛውን ጭምር፣ በልኩ አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው። ፈረንጆች ይህን ዲዮራማ ይሉታል። ቃሉ የተለመደው በእነርሱ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር ከባልደረባው ጋር ሆኖ በብርሃን ኃይል መልኩ የሚለዋወጥ ታላቅ ሥዕል በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ነው። ዛሬ ግን አንድን ታሪክ ከነቦታው አሳንሶ ለሚያሳይ የእጅ ሥራ ሁሉ ይነገራል።

ይህን የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የነገሥታትና የጦር አዛዦች ጕዳይ እንደ ነበረ ቢያውቅ ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በፈረንጆች 1668 ዓ.ም. በጦር ሚኒስትሩ በሉቭዋ ምክር ምሽግ ያላቸውን ከተሞቹን 600 ጊዜ እያሳነሰ ማሠራት ጀመረ፤ ከዚያ ስብስብ ከፊሉ እስከ ዛሬ በፓሪስ በኢንቫሊድ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንግሊዞች በሴን ናዜር ወደብ ያለውን ታላቅ የመርከብ ማደሻ ዶክ ለማፍረስ ባሰቡ ጊዜ፣ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ የወደቡን ሞዴል አሠርተው፣ ዘማቾቹ በጨለማ መንገዱን እንዳይስቱ በእርሱ ላይ አጠኑ። ለመጋቢት 19 ቀን 1934 ዓ.ም. አጥቢያ ከዘመቱት ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች 169ኙ ሞቱ። ካምፕበልታውን የተባለችው ፈንጂ የታጨቀባት መርከባቸው ግን የዶኩን በር በአፍንጫዋ ወግታ ከተቀረቀረች በኋላ፣ ሲነጋ ወደ ቀትር ላይ ፈንድታ ዶኩን ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከጥቅም ውጭ አደረገችው።

ለእኛ አድማጭ ግን ከሴን ናዜር ይልቅ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። እርሱም ምጽዋ ነው። ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ መንግሥት ወደብ ናት፤ የምንናገርበት ዘመን ግን የጣልያን አገዛዝ ወድቆ የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር የተተካበት ዘመን ነው። መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከረን ተያዘች፤ መጋቢት 23 ቀን አሥመራ እጇን ሰጠች፤ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ተለቀቀች፤ መጋቢት 30 ቀን ምጽዋ ወደቀች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ የሕዝቡ ዓይንና ልብ ወደ እርሳቸው ነበረና፣ በቀይ ባሕር ዳር የተደረገውን እምብዛም ያስተዋለው አልነበረም።

በዚያ የተደረገው ይህ ነው። የጣልያኑ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ወደቡን ማዳን እንደማይችል ባወቀ ጊዜ፣ ለድል አድራጊው አንዲት ጠቃሚ ነገር እንዳትተርፍ አዘዘ። ምጽዋ በደሴቶችና ወደ ባሕር ገፍተው በወጡ ምድሮች መካከል ሦስት ወደቦች አሏት፤ የንግዱ፣ የባሕር ኃይሉና የደቡቡ ይባላሉ። በእነዚህ በሦስቱ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ የጣልያንና የጀርመን መርከቦች በሆዳቸው ፈንጂ እየፈነዳ ሰጠሙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሰልፍ ተደርድረው መግቢያውን እንዲዘጉ ሆኖ ነበር። ሁለት ተንሳፋፊ ዶኮችም አብረው ወረዱ። በመሬት ላይ ያለው የጥገና ፋብሪካ ሞተሩ ሁሉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቀረ።

እንግዲህ ይህን ወደብ በጠረጴዛ ላይ ሊሠራ የተነሣ ሰው ቀለምና ኮላ ከመግዛቱ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ «የትኛውን ሰዓት?» የሚል ነው። ወደብ መልኩ ብዙ ነው፤ ሞዴል ግን የሚያሳየው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው። አብዛኞቹ የዚህ ሙያ ወዳጆች ፍንዳታውን ይመርጣሉ። ከጥጥ ጢስ ይሠራሉ፤ መርከቡን ያዘነብላሉ፤ ተመልካቹም ይደነቃል። እኔ ግን በምጽዋ ታሪክ ፍንዳታው የአንድ ቀን ነገር ስለሆነ ብዙ የሚያስተምር አይመስለኝም። የሚበልጠው ሰዓት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ግንቦት ገደማ፣ ትልቁ ዶክ ከባሕር የወጣበት ነው።

ተንሳፋፊ ዶክ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አድማጭ በአጭሩ እናስረዳ። ወለሉም ሁለቱ የጎን ግድግዳዎቹም ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ ታላቅ የብረት ሣጥን ነው። በሆዱ ውሃ ሲሞላ ዝቅ ይላል፤ መርከቡ በመካከሉ ይገባል፤ ከዚያ ውሃው በፓምፕ ሲቀዳ ዶኩ መርከቡን እንደ ታቀፈ ወደ ላይ ይነሣል፤ የመርከቡም ሆድ ከነቁስሉ በፀሐይ ይታያል። የምጽዋው ትልቅ ዶክ ርዝመቱ ወደ 183 ሜትር ሲሆን በስምንት ክፍል የተከፈለ ነበር። ጣልያኖች በየክፍሉ ቦምብ አኑረው ሰባቱ ፈነዱ፤ ስምንተኛው ሳይፈነዳ ቀረ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች አይተውት አይነሣም ብለው ትተውት ነበር።

በ1934 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ገደማ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ምጽዋ ደረሰ። ይህ ሰው የሰጠመችውን ኤስ 51 የምትባል ሰርጓጅ መርከብ በፈረንጆች 1926 ዓ.ም. ከአርባ ሜትር ጥልቀት በማውጣቱ የታወቀ ነበር። ያገኘው ግን ጥቂት ጠላቂዎች፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ የአየር መጭመቂያ ሞተሮችና እሳት የመሰለ ሙቀት ነው። ዘዴው በመሠረቱ ቀላል ነው። ብርጭቆ ደፍተን ውሃ ውስጥ ብናስገባው በውስጡ ያለው አየር ውሃው እንዳይገባ ይከላከላል። የቦምቡ ቀዳዳ ያለው በዶኩ ወለል ሥር ስለ ነበረ፣ ላይ ላዩን አየር እንዳያስተነፍስ ከደፈኑት በኋላ የታመቀ አየር ሲጨምሩበት ውሃው በዚያው ጣልያን በከፈተለት ቀዳዳ ተገፍቶ ወጣ። የአጥፊው ሥራ ለአዳኙ በር ሆነለት ማለት ነው። በዘጠኝ ቀን ሥራ ዶኩ ተንሳፈፈ፤ ያልፈነዳውም ቦምብ በስምንተኛው ክፍል ተቀምጦ ተገኘ።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ልኩን እንምረጥ። 35 ጊዜ ብናሳንሰው ሰው አምስት ሴንቲሜትር ይሆናል፤ በግንባሩ ላይ ላብ እንኳ መቀባት ይቻላል፤ ዶኩ ግን ከአምስት ሜትር በላይ ስለሚረዝም ከብዙዎቻችን ቤት አይገባም። 700 ጊዜ ብናሳንሰው ዶኩ 26 ሴንቲሜትር ሆኖ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ግን ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል አያልፍምና ሰው መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ መካከለኛው፣ 350 ጊዜ ማሳነስ፣ ይሻላል። ዶኩ 52 ሴንቲሜትር፣ ሰው አምስት ሚሊሜትር ይሆናል። ከአንድ ሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ ቢሆንም ጐንበስ ማለቱና ቀና ማለቱ ይለያል።

መደቡ ከኮምፔንሳቶ፣ ዶኩ ከወፍራም ካርቶን፣ የአየር ቧንቧው ከቀጭን ሽቦ ሊሠራ ይችላል። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የታነፁ ስለሆኑ፣ ግድግዳቸውን እንደ ሲሚንቶ ማለስለስ ስሕተት ነው፤ ቡሽ ቈርጦ ጀሶ በስሱ ቢቀቡት ያንን የተበሳሳ መልክ ይሰጣል። ውሃው የሚሠራው ከሥሩ ቀለሙን ቀብቶ፣ ዳሩን ወደ አረንጓዴ፣ ጥልቁን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ካደረጉ በኋላ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ሬዚን ስስ ስስ አድርጎ በየጊዜው በማፍሰስ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ችኩል ሰው ሬዚኑ ግሎ ይሰነጠቅበታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት የዝገቱ ነገር ነው። ከባሕር የወጣ ብረት ሁሉ ቀይ ነው ብለው ሞዴሉን ሸክላ ያስመስሉታል። ከዓመት በላይ ከውሃ በታች የኖረ ብረት ግን በወጣበት ሰዓት የሚታየው ጭቃው፣ አረንጓዴው ዝቃጭና የተጣበቀበት የባሕር ቅርፊት ነው፤ ቀዩ ዝገት ጐልቶ የሚወጣው አየርና ፀሐይ ካገኘው በኋላ ነው። ቅርፊቱን በኮላ ላይ ደረቅ አሸዋ በመነስነስ ማሳየት ይቻላል። ጥላም እንዲሁ ሐሰት ይናገራል። ምጽዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች፣ በግንቦት ቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ሰው ጥላውን የሚረግጠው ከእግሩ ሥር ነው። መብራቱን ከጎን አድርጎ ረጅም ጥላ የሚጥል ሠሪ ውብ ሥራ ይሠራ ይሆናል፤ የሠራው ግን ሌላ አገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰዎቹ ጕዳይ ነው። በገበያ የሚሸጡት ትናንሽ የሰው ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ የደንብ ልብስ የለበሱ የአውሮፓና የአሜሪካ መርከበኞች ናቸው። እነርሱን ብቻ ገዝቶ በዶኩ ላይ የደረደረ ሰው የምጽዋን ታሪክ አዛብቷል። ኤልስበርግ ከጦርነቱ በኋላ ስለዚህ ሥራ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ጥሩ መጽሐፍም ነው፤ ግን እንደ አለቆች መጽሐፍ ሁሉ የሚናገረው ከላይ ወደ ታች ነው። በሥራው ላይ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያን፣ ዐረቦች፣ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ነበሩ፤ የጣልያን ምርኮኞችም ወገኖቻቸው በመዶሻ የሰበሩትን ሞተር መልሰው ሲገጥሙ ነበር። መርከብ ወደ ዶክ ሲገባ ሆዱ ሥር ገብተው ቅርፊቱን የሚፍቁትና ቀለም የሚቀቡት ኤርትራውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ብረቱ በእጅ አይነካም፤ ውሃው ከላይ ይንጠባጠባል፤ የተፋቀው ቅርፊትም ወዲያው መሽተት ይጀምራል። የአብዛኞቹ ስም በየትም አልተጻፈም። እነዚህን ሰዎች ከሱቅ ማግኘት ስለማይቻል ሠሪው ራሱ ከክብሪት እንጨት ስንጣሪ እየቀረጸ፣ ሽርጥ እያስታጠቀ፣ አንድ በአንድ ሊያበጃቸው ግድ ነው። ሥራው ሌሊቶችን ይፈጃል፤ ዓይንም ያደክማል።

የእነዚህ ሰዎች ድካም ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የታየው በዚያው ክረምት ነው። የሮሜል ጦር እስከ ኤል አላሜን ደርሶ እስክንድርያን ባስጨነቀ ጊዜ፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሚታደሱበት ሌላ ሥፍራ ያስፈልግ ነበር። ዲዶ፣ ዩሪያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉ ሦስት ክሩዘሮች በ1934 ዓ.ም. ማብቂያና በ1935 ዓ.ም. መባቻ ወደ ምጽዋ መጡ። ዶኩ፣ ይህኛው ከፋርስ አገር ተጐትቶ የመጣው ሌላው ዶክ ነው፣ ለእነርሱ አነሰ፤ ክብደታቸውም ከአቅሙ በላይ ነበር። ስለዚህ የመርከቡ ኋላ ብቻ በዶኩ ላይ ተነሥቶ፣ ፊቱ በባሕር ላይ እንደ ተንሳፈፈ፣ ሦስቱም ተራ በተራ ታደሱ። ሁለተኛ ሞዴል ለመሥራት ጕልበቱ ያለው ሰው ይህን ይሥራ። 156 ሜትር የሆነችው ዲዶ በእኛ ልክ ወደ 45 ሴንቲሜትር ትመጣለች፤ ኋላዋ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ሲታይ የማያውቅ ሰው ሠሪው የተሳሳተ ይመስለዋል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ደስ አይልም። እንግሊዞች ኤርትራን ሲያስተዳድሩ በቈዩበት ጊዜ፣ እስከ 1945 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ፣ በምጽዋ የነበረው ብዙ የወደብ ሕንፃና መሣሪያ እየተነቀለ ተሸጠ፤ ተንሳፋፊ ዶክም ሳይቀር ወደ ሌላ አገር ሄደ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ይህን በመቃወም በፈረንጆች 1952 ዓ.ም. «የኢትዮጵያን ወደቦች ስለ ምን እናፈርሳለን?» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር አሳተሙ። ጠላት ያሰጠመውን በዘጠኝ ቀን ያወጣ እጅ፣ ወዳጅ የተባለው የሸጠውን ሊያስመልስ አልቻለም። ከተማዪቱም በ1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት እንደ ገና ቈስላለች፤ በጥዋለት ያለው ቤተ መንግሥት ጕልላቱ ፈርሶ እንደ ቀረ ነው።

ስለዚህ የግንቦት 1934 ዓ.ም. ወደብ ሊታይ የሚችለው በፎቶግራፍና በጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ሠሪው ሰዎቹን የሚያጣብቃቸው ውሃው ከደረቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው፤ አስቀድሞ ቢያደርገው በሬዚኑ ይሰጥማሉ። ጠላቂው በጀልባው ጠርዝ ላይ የብረት ቆቡን አውልቆ ይቀመጣል፤ ምርኮኛው ከሞተሩ አጠገብ ይቆማል፤ አለቃው በነጭ ቆቡ ከግድግዳው ላይ ይታያል። የቀሩት፣ ሽርጥ የታጠቁት፣ መፋቂያቸውን ይዘው ወደ ዶኩ ወለል ሲወርዱ በተርታ ይለጠፋሉ።