የጀልባ ታርጋና የሐይቅ ትዝታ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በሥራ ክፍልዎ የሚቀመጡበትን ወንበር ገልብጠው ቢመለከቱት፣ ከበስተሥሩ በቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ሳያገኙ አይቀሩም። ወንበሩ ሲሰበር ቁጥሩ ከመዝገብ ይሠረዛል፤ እንጨቱም ወደ ማገዶ ይሄዳል። የወንበር ነገር ከሆነ ብዙ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን ሰውና እህል ሲያመላልስ፣ ከነፋስና ከማዕበል ሲታገል ብዙ ዘመን የኖረ ጀልባ አርጅቶ ወደ ዳር ሲጎተት፣ ቁጥሩን የያዘችው ሰሌዳ ወዴት ትሄዳለች? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ስለዚህች ትንሽ ሰሌዳ፣ በተለይም ስለ አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቆች ጥቂት እንነጋገራለን።

«ታርጋ» የምንለው ቃል ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው። ነገሩ ግን ከአውቶሞቢል ጋር የተወለደ አይደለም። አውቶሞቢል ገና መንገድ ሳይይዝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1868 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች እንዲመዘገቡ፣ ፊደልና ቁጥርም በጎናቸው እንዲይዙ አደረገ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1918 የሞተር ጀልባዎች ቁጥር እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ከግዛቶቹ አንዷ የሆነችው ፔንሲልቬንያ ለሞተር ጀልባዎች የብረት ታርጋ ትሰጥ ነበር፤ ዛሬ እነዚያ አሮጌ ታርጋዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። በዚያው አገር የታርጋ ሰብሳቢዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1954 ነው። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ ስለ መርከብ ምዝገባ በዝርዝር ደንግጓል። በዚያ ዘመን ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩና ሕጉ ዓይኑን የጣለው በቀይ ባሕር ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ቁጥር የተፈለገው ግብር ለማስከፈል ብቻ አይደለም። ጀልባ ከዳር ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ የማን እንደ ነበረና እነማንን እንደ ጫነ ለማወቅ የመጀመሪያው ምስክር ቁጥሩ ነው። በዳር ቆመው ለሚጠብቁት ቤተ ሰዎች ያች ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለችም።

አሁን ወደ ጋሞ ምድር እንለፍ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ ሰው፣ ከሴቻ ከፍታ ላይ ቆሞ ቍልቍል ሲመለከት ሁለት ሐይቆች በአንድነት ይታዩታል። በሰሜን በኩል ያለው ዓባያ፣ ደለል ስለሚበዛበት ቀላ ያለ ነው፤ በስፋቱም በአገራችን ከጣና ቀጥሎ ይቆጠራል። በደቡብ ያለው ጫሞ ግን ጠራ ያለ ውኃ ነው። ሁለቱን የሚለያቸውን ኮረብታማ ምድር ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል።

እነዚህ ሐይቆች ራሳቸው በባዕድ እጅ ታርጋ ተለጥፎባቸው እንደ ነበረ ብንናገር ማጋነን አይሆንም። ቪቶርዮ ቦቴጎ የተባለው የጣልያን መኰንን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1896 ወደ ዓባያ ዳር ደርሶ፣ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ዓመቱ የአገሩ ሠራዊት በዐድዋ ድል የተመታበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል! ጫሞም በጣልያኖች ካርታ ላይ «ሩስፖሊ» ተብሎ ተጽፏል። ሩስፖሊ በ1893 በደቡብ አገራችን ዝሆን የገደለው የጣልያን መስፍን ነበር። ስሞቹ በብዙ ካርታ ላይ ቆይተው ነበር፤ በኋላ ግን ተነሥተው ዓባያና ጫሞ በስማቸው ጸኑ። እንግዲህ አንድ ሰሌዳ የሚነግረን ስለ ተለጠፈበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ለጣፊውም አሳብ ነው።

የአስተዳደሩንም ታሪክ እንመልከት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቀድሞ በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ አገረ ገዥነት ዘመን አርባ ምንጭ ተቆርቁራ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ቆላው ወረዱ። ከአብዮቱ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ቀጥሎ ሰሜን ኦሞ መጣ፤ በ1993 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ ዞን፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጋሞ ዞን ሆነ። በላዩ የነበረው የደቡብ ብሔሮች ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልም በ2015 ዓ.ም. ተከፋፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የቀድሞው ክልል ምሕጻረ ቃል የተጻፈባቸው የመኪና ታርጋዎች ከክልሉ ይልቅ ዕድሜ አገኙ። ሐይቁ ከስፍራው ሳይነቃነቅ፣ በዳሩ የሚቆመው ማኅተም ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ ተለወጠ! የመሥሪያ ቤት ስም ያለባት አሮጌ ሰሌዳ የምትመሰክረው ይህን ነው።

ሁለተኛም ምስክርነት አላት። የጫሞ ሐይቅ ነጭ ዓሣ በትልቅነቱ የታወቀ ነበር፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ይያዝበት ነበር። የሞተር ጀልባና መረብ እየበዛ ሲሄድ ግን ዓሣው እየቀነሰ መጣ። ቁጥሮቹ በተርታ ቢጠበቁ፣ በየዘመኑ ስንት ጀልባ ፈቃድ ይዞ ወደ ውኃው እንደ ገባ ይናገሩ ነበር። ሐይቁ የቻለውንና ያልቻለውን ሸክም ለማወቅ ለሚሻ ሰው ይህ ታላቅ ማስረጃ ነው። ሰሌዳዎቹ ተጥለው፣ መዝገቡም ጠፍቶ እንደ ሆነ ግን፣ የሚቀረን «ድሮ ዓሣ ሞልቶ ነበር» የሚለው የሽማግሌዎች ወሬ ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ትዝታ ሁሉ ታርጋ የለውም። በዓባያ ውስጥ ባለችው በጊዲቾ ደሴት የኖሩት የባይሶና የሀሮ ሰዎች፣ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን እጅግ ቀላል እንጨት አስረው በሠሩት ታንኳ ሲሻገሩ ኖረዋል። ያ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከዚያ ይፈታል፤ ሌላም ይታሰራል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ በመዝገብም አልገባም። ስለዚህ ሰሌዳ ብቻ የሚሰበስብ ሰው፣ መንግሥት የቈጠረውን ብቻ አስታውሶ ሕዝቡ የኖረበትን እንዳይረሳ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ የመዝገብ ሰው ነዎትና ሥራው ለእርስዎ ቀላል ነው። አንደኛ፤ በሥራ ላይ ካለ ጀልባ ሰሌዳ አይነቀልም፤ በገንዘብ መግዛትም ሌባን መጋበዝ ነው። የሚሰበሰበው አገልግሎቱን ጨርሶ በሕግ ከተሠረዘ ጀልባ ብቻ ነው። ሁለተኛ፤ ሰሌዳውን ፍቆ ማሳመር አይገባም። ዝገቱና አንዱ በሌላው ላይ የተቀባው ቀለም ዕድሜውን የሚናገሩ ናቸው። ቁጥሩ በጀልባው ጎን ላይ በቀለም ብቻ የተጻፈ ከሆነም ፎቶግራፍ ይበቃል። ሦስተኛውና ዋናው፤ ከሰሌዳው ጋር አንድ ወረቀት ይያያዝ። ጀልባውን ማን ሠራው፣ ማን ነዳው፣ ምን ጫነ፣ ከየት ወዴት አሻገረ፣ በምን ምክንያት ከውኃ ወጣ? እነዚህ ጥያቄዎች ነጂው በሕይወት ሳለ ካልተጠየቁ በኋላ መልስ የላቸውም። ያለ ወረቀቱ ሰሌዳው ቁራጭ ብረት ነው፤ ከወረቀቱ ጋር ግን የታሪክ ምዕራፍ ነው።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሐውልትና በብራና ብቻ አልወሰነውም። ያለፈውን የሰው ሥራ የሚመሰክር ነገር ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል። የንጉሥ ዘውድ ጠባቂ አያጣም፤ የጀልባ ነጂ ሰሌዳ ግን ጠባቂዋ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ነገ ከጠረጴዛዎ ላይ «ከመዝገብ ይሠረዝ» የሚል ደብዳቤ ቢቀርብልዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ሰሌዳው የት አለ? ታሪኩንስ የሚያውቅ ማን ነው?» መልሱን በግማሽ ገጽ ጽፈው ከፋይሉ ጋር ቢያያይዙት፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ውለታ ውለዋል።

ለዛሬው በዚሁ እንሰናበታለን።