የአንድ ውጅግራ ሰደፍ ከወዴት መጣ?

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ለትርኢት የሚሆኑ የቆዩ ዕቃዎችን ከየቤታችን እንድናመጣ ታዘዝን። አንዱ መሶብ፣ አንዱ የብራና ዳዊት፣ አንዱም የቀንድ ዋንጫ ይዞ መጣ። ከክፍላችን ልጆች የአንደኛው አያት ግን እንጨቱ በጭስና በቅቤ የጠቆረ አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ራሳቸው ይዘው መጥተው አስረከቡን። ጥይት ከጎረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሽማግሌውም «ይህ አያቴ ዐድዋ ላይ ከጣሊያን የማረከው ነው፤ ኋላም ቆላ ወርዶ ጎሽ የጣለበት ነው» አሉን። እኛም ይህንኑ ቃል በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈን ከጠመንጃው አጠገብ ልናቆም ተነሣን።

የታሪክ መምህራችን ጽሑፉን አንብበው «መርምራችሁ ነው የጻፋችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። ከዚያም ሰደፉን እያገላበጡ ተመልክተው «ብረቱና እንጨቱ ያንድ አገር ልጆች አይመስሉኝም» አሉ። ምርመራችን የተጀመረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ ብረቱን መረመርን። በዘይት ጨርቅ ብንወለውለው በግራ ጎኑ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት ብቅ አለ። የፈረንሳይኛ መምህራችን ሲያነቡልን ሴንት ኤትዬን የተባለው የፈረንሳይ ከተማ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና 1874 የሚል የሞዴል ቁጥር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጠመንጃው አገራችን ውጅግራ እያለ የሚጠራው ነው ማለት ነው። ይህ ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ ፈረንሳዮች ጠመንጃን ፊውዚ ይላሉ፣ ይህን ዓይነት ያወጣው መኮንን ደግሞ ባዚል ግራ ይባል ነበር፤ «ፊውዚ ግራ» በአባቶቻችን አፍ ውጅግራ ሆነ። ስናይደር ስናድር፣ ማንሊከር ምንሽር እንደ ሆኑ ሁሉ።

ውጅግራ የ11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። የፈረንሳይ ጦር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ተቀብሎት በ1886 ለበል በተባለው አዲስ ጠመንጃ መተካት ስለ ጀመረ፣ አሮጌው ለነጋዴ ተረፈ። ከታጁራና ከኦቦክ ወደብ በግመል ተጭኖ ወደ አገራችን የገባው ጠመንጃ ብዙ ነው። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ሸዋ ድረስ መጥቷል።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ወገኖቻችን 56 መድፍና 11,000 ያህል ጠመንጃ እንደ ማረኩ ይነገራል። ስለዚህ የሽማግሌው ነገር እንዲያው ሲሰሙት የማይሆን አይደለም። ነገር ግን በዚያ ጦርነት የጣሊያን ወታደር ይዞት የነበረው ቬተርሊ የሚባለው ጠመንጃ ነው፤ እርሱም ከቃታው ፊት በታች አራት ጥይት የሚይዝ ጎታ አለው። በእጃችን ያለው ይህ የለውም። ውጅግራን በብዛት ታጥቆ የዘመተውም የኛው ሠራዊት ነበር። ብረቱ የመሰከረው «ከጣሊያን ተማረከ» ከሚለው ቃል ጋር አልስማማ አለ።

ቀጥለን ወደ እንጨቱ ሄድን። ፈረንሳዮች ለጠመንጃ የሚመርጡት ዋልነት የተባለውን ዛፍ ነው። ቡናማ ሆኖ ጥቁር ሰረዝ አለው፤ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳም በዓይን ይታይበታል። ከላይ ሲያዩት የኛው ጠመንጃ እንጨት ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ስለ ሆነ ከመካከላችን አንዳንዱ ዋልነት ነው፣ አንዳንዱም ወይራ ነው እያለ ተከራከረ። የአናጢነት መምህራችን «በቅቤና በጭስ የጠቆረን እንጨት በቆዳው አትፍረዱት፤ ብርሃን ያልነካውን ቦታ ፈልጉ» ብለው መከሩን። ባለቤቱን አስፈቅደን በሰደፉ ተረከዝ ላይ ያለውን ብረት ፈታን፤ የፊተኛውንም እንጨት ከብረቱ አላቀቅን።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። የፊተኛው እንጨት ጥቁር ሰረዝ ያለበት፣ ቀዳዳው የደቀቀ ዋልነት ነው፤ በውስጥ በኩል በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ተመትቶበታል። የኋለኛው ሰደፍ ግን ፈዘዝ ያለ፣ ቀላልና ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው። ወይራ እንዳንለው ወይራ ከባድና ጠጣር ነው፤ ቀዳዳውም በዓይን አይታይም። ከአናጢዎች ክፍል የዋንዛ ቁራጭ አምጥተን ጎን ለጎን በማጉያ መነጽር ብናየው እንደ መንትያ ተመሳሰሉ። የፈረንሳይ ፋብሪካ በሰደፍ ቀኝ ጎን የሚያትመው ክብ ማኅተምም የለበትም፤ ተረከዙ ውስጥ የመሮ ምት ተደርድሮ ይታያል። ሁለቱ እንጨቶች የተጋጠሙት በቀጭኑ አንገት ላይ ሲሆን፣ መጋጠሚያው በርጥቡ ተሰፍቶ ሲደርቅ በተኮማተረ ጠፍር ተሸፍኗል። እኛ ያን ጠፍር እስከዚያ ቀን ድረስ ጌጥ ይመስለን ነበር።

የቀረው ሥራ ከሁሉ ከበደን። አንድን ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «የነገሩን ልክ አይደለም» ማለት እንዴት ይቻላል? ከመካከላችን ነገሩን እንተወው ያለም ነበረ። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸውን አስቀድመን ሄድንና የብረቱን ጽሕፈት፣ የእንጨቱንም ነገር በትሕትና አስረዳናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ኋላም «አያቴማ ‹ዐድዋ የዘመትሁበት ጠመንጃ› ነበር የሚለው። ‹የማረከው› የሚለውን ማን እንደ ጨመረበት እንጃ፤ ምናልባት እኔው እሆናለሁ» አሉን። ሰው የሚወድደውን ሲያወራ ነገሩ በእጁ ላይ እንዴት እንደሚያድግ በዚያ ቀን ተማርን። ሽማግሌውን ግን ከቀድሞው ይልቅ አከበርናቸው።

ስለ ሰደፉ በጠየቅናቸው ጊዜ ፊታቸው ፈካ። አያታቸው ከጎሽ አደን ሲመለሱ በቅሎዋ ገደል ገብታ ጠመንጃው ከአንገቱ እንደ ተሰበረ፣ ያገር ሰው እንደ ጠገነውም ሰምተዋል። «ማን ጠገነው አባባ? ስሙስ ማን ይባል ነበር?» አልናቸው። «አንድ ጠይብ ነው። ስሙን ማን ይጠይቀዋል ብላችሁ ነው?» ብለው መለሱ። ወዲያውም የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ይመስል አንገታቸውን ደፉ።

በእውነት እኛም አንገታችንን ደፋን። የፈረንሳዩ መኮንን ስም በአገራችን ቋንቋ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የፋብሪካውም ስም በብረት ላይ ተቀርጾ ይኖራል። የተሰበረውን ጠመንጃ በመሮና በጠፍር ያዳነው ያገራችን ሰው ግን ስሙ አልተጠየቀም። ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው እየተባለ ባለ እጅ ሲናቅ መኖሩ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስለዚህ ነው። ዐዋጁ ስድብን ከለከለ፤ ሳይጻፍ የቀረውን ስም ግን ሊመልስልን አልቻለም።

በበዓሉ ዕለት ከጠመንጃው አጠገብ ያቆምነው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ውጅግራ። ብረቱና የፊቱ እንጨት በፈረንሳይ አገር፣ በሴንት ኤትዬን የተሠራ። በባለቤቱ ቤተ ሰብ ቃል ዐድዋ የዘመተ። ሰደፉ ከዋንዛ፣ ስሙ ባልተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የተሠራ።» ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ሰደፉን በመዳፋቸው እያሻሹ ያሳዩት ጀመር።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በሣጥንም ውስጥ የተኛ አሮጌ ዕቃ አይጠፋም። ማን ያዘው ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ማን ሠራው፣ ማንስ ጠገነው ብላችሁ ሽማግሎቻችሁን ጠይቁ። የነገሯችሁንም ስም ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉት።