የአሽቢ ወንድማማቾችና የኮምፒዩተር ጨዋታቸው

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመን፥ የጦርነትንና የውልን ነገር ነው። እኛ ግን በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ልንጽፍበት የመረጥነው በመሥራቾቹ እጅ ከ3 ዓመት እምብዛም ያልበለጠ ጊዜ ስለ ቈየ አንድ ትንሽ ኩባንያ ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ለቤት ኮምፒዩተር ጨዋታ ይሠራ የነበረው አልቲሜት ፕሌይ ዘ ጌም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

አሽቢ ደ ላ ዙሽ በመካከለኛው እንግሊዝ፥ በሌስተርሺር የምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ስሟን የሚያስታውሰው ዋልተር ስኮት በጻፈው «አይቫንሆ» ውስጥ ፈረሰኞች የሚጋጠሙባት ቦታ ስለ ሆነች ይሆናል። ክሪስና ቲም ስታምፐር የተባሉት ወንድማማቾች በ1982 ኩባንያቸውን ያቋቋሙት በዚህች ከተማ፥ ቤተ ሰባቸው ጋዜጣ ይሸጥበት ከነበረው ሱቅ ጎን ነው። በሕግ የታወቀው ስሙ አሽቢ ኮምፒዩተርስ ኤንድ ግራፊክስ ሲሆን አልቲሜት የገበያ ስሙ ነበረ። ከዚያ በፊት ሁለቱም በመዝናኛ ቤት ሳንቲም እየተከተተ የሚጫወቱባቸውን መኪናዎች በመሥራት ላይ ስለ ነበሩ ለሙያው እንግዶች አልነበሩም። ክሪስ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ ቲም ሥዕሉን ይሥላል። የቀሩት ሠራተኞች በጣት የሚቈጠሩ ዘመዶችና ወዳጆች ነበሩ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የሚባለውን ኮምፒዩተር አወጣ። አነስተኛው 125፥ ተለቅ ያለው 175 ፓውንድ ስለ ነበረ ባለጠጋ ያልሆነ ቤተ ሰብም ሊገዛው ቻለ። የራሱ መስኮት የለውም፤ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ፕሮግራሙም የሚገባው በተራ የሙዚቃ ካሴት ነው፤ ቴፑ እያፏጨና እየጮኸ ሲዞር ልጆቹ ጥቂት ደቂቃ ቊጭ ብለው ይጠብቃሉ።

የወንድማማቾቹን ጥበብ ለመረዳት የዚህን ኮምፒዩተር ድኽነት ማወቅ ያስፈልጋል። አነስተኛው ስፔክትረም የነበረው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ 7 ኪሎባይት ያህሉን በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሥዕል ይወስደዋል፤ ለፕሮግራሙ የሚተርፈው 9 ኪሎባይት ያህል ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ብቻዋን ከዚህ መቶ እጥፍ በላይ ቦታ ትይዛለች። ቀለሙም ችግር ነበረው። ኮምፒዩተሩ መስኮቱን በ768 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍልና በእያንዳንዱ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ቀይ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ አጠገብ ሲያልፍ ወይ ዛፉ ይቀላል፥ ወይ ሰውዬው ይለመልማል!

በ1983 የወጣው ጄትፓክ በዚህች ጠባብ ቦታ የተሠራ ነው። አንድ የጠፈር ሰው በጀርባው ባዘለው ሞተር እየበረረ የተበታተነች ሮኬቱን ይገጣጥማል፥ ነዳጅ ይሞላል፥ የሚመጡበትን ጠላቶች ይመታል። የጨዋታው መደብ ጥቁር፥ በላዩ ያሉት ነገሮችም ጥቂትና የተራራቁ ስለ ሆኑ የቀለሙ ችግር ብዙ አይታወቅም። ቦታ የተረፈው ሰው ይህን ያህል ቈጥቦ ባልሠራ ነበር እንላለን። ዋጋው 5 ፓውንድ ከ50 ነበረ።

በዚያው ዓመት የወጣው አቲክ አታክ 48 ኪሎባይት ላለው ስፔክትረም የተሠራ ነው። ተጫዋቹ በአንድ ግንብ ውስጥ ተዘግቶበት መውጫ ይፈልጋል። ጉልበቱ የሚታየው በቍጥር ሳይሆን በተጠበሰች ዶሮ ነው፤ ጉልበቱ ባነሰ መጠን ሥጋዋ እየተነሣ ይሄድና በመጨረሻ አጥንቷ ይቀራል። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የግንቡ ቍልፍ ሦስት ቦታ የተቈረጠ ሲሆን፥ ቍራጮቹ ሲገጣጠሙ የኩባንያው ስም መነሻ ፊደሎች ይነበቡበታል።

በ1984 ሴበር ዉልፍ ሲወጣ ዋጋው ወደ 9 ፓውንድ ከ95 ከፍ አለ። ምክንያቱ ግልበጣ ነበረ። ካሴት ከካሴት በተራ ቴፕ ስለሚገለበጥ አንድ ልጅ የገዛውን የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይጫወቱበታል። ብዙ የከፈለ ሰው ንብረቱን በቀላሉ አያውስም የሚል ተስፋ ነበራቸው። እኛ በዚህ አሳብ አናምንም፤ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ዋጋ ሲጨምርበት መዋስን እንጂ መግዛትን አያበዛም። ሆኖም ጨዋታው እጅግ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ናይት ሎር ወጣ። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹ የቤት ጨዋታዎች ወይ ከጎን ወይ ከላይ የሚታዩ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ነበሩ። ናይት ሎር ግን ክፍሉን ከአንድ ማዕዘን ከፍ ብሎ እንደሚመለከት ሰው አድርጎ አሳየ። ባለታሪኩ ከሣጥን ኋላ ሲሄድ ይሸፈናል፥ ወደ ፊት ሲመጣ ይታያል፥ ሣጥኑን ገፍቶም ይወጣበታል። ይህ ሰው ቀን ሰው ሌሊት ተኵላ የሚሆን ርጉም ነው፤ መድኃኒቱንም በ40 ቀንና በ40 ሌሊት ማግኘት አለበት። (ቍጥሩ የኖኅን ዘመን ዝናብ ያስታውሰናል።) ቀለምን በሚመለከት በየክፍሉ አንድ ቀለም ብቻ በጥቁር ላይ በመሣል ከችግሩ ወጡ። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ግን ኮምፒዩተሩ ይደክምና ጨዋታው ያዘግማል።

የሚያከራክረው የወጣበት ጊዜ ነው። ወንድማማቾቹ በ1988 እንደ ተናገሩት ናይት ሎር ከሴበር ዉልፍ አስቀድሞ አልቆ ነበር። ነገር ግን ገበያው ገና አልተዘጋጀም፥ ይህን ያየ ሰውም ሴበር ዉልፍን አይገዛም ብለው አቈዩት። ከመካከላችን ይህ ገዢን ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ የተሻለውን ደብቆ ያነሰውን በውድ ዋጋ መሸጥ ነውና። ሌሎቻችን ደግሞ ገበሬ እህሉን ሁሉ በመከር ጊዜ ለገበያ አያወጣም ብለን እንመልሳለን። የማያከራክረው ግን ሌሎች ሠሪዎች ናይት ሎርን እንዳዩ ያንን ዘዴ ለመከተል መሯሯጣቸው ነው፤ በ1987 የወጣው የተመሰገነው ሄድ ኦቨር ሂልስ አንዱ ፍሬው ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንድማማቾቹ ለጋዜጠኞች ቃል መስጠት አይወዱም ነበር። በሊቨርፑል የነበረው ኢማጂን የተባለው ኩባንያ በተቃራኒው ገና ያልተሠሩ ጨዋታዎችን በማስታወቂያ እያሞገሰ ቈይቶ በ1984 በዕዳ ተዘጋ።

አልቲሜት ግን የተሸጠው በደኅና ቀን ነው። ወንድማማቾቹ የስፔክትረም ዘመን እንደሚያልፍ ስላዩ ፋሚኮም የተባለውን የጃፓኑን የኒንቴንዶ መጫወቻ አግኝተው፥ ፈታትተው፥ ያለ መመሪያ አሠራሩን ደረሱበት። ውጤቱንም ለኒንቴንዶ ባሳዩ ጊዜ የመሥራት ፈቃድ አገኙ። በ1985 አልቲሜት የሚለውን ስም ከጨዋታዎቹ ጋር ዩ ኤስ ጎልድ ለተባለ ኩባንያ ሸጠው፥ ሬር በሚባለው በሌላው ኩባንያቸው መሥራት ጀመሩ። በ1987 በአልቲሜት ስም የወጡት ማርሺያኖይድስና በብለር እንደ ቀድሞዎቹ አልተወደዱም፤ ስሙ ቢሸጥም እጁ አብሮ አልሄደምና።

ሬር በ1994 ዶንኪ ኮንግ ካንትሪን ሠራ፤ በ2002 ማይክሮሶፍት በ375 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ወንድማማቾቹም በ2007 መጀመሪያ ለቀቁ። በ2015 ኩባንያው 30 የቀድሞ ጨዋታዎችን ሰብስቦ ሬር ሪፕሌይ በሚል ስም ሲያወጣ፥ በዕድሜ ቅደም ተከተል የመጀመሪያው በዚያች በ16 ኪሎባይት መኪና የተሠራው ጄትፓክ ነበረ።